በአልጋ የምትሸጠው ፀሐይ

በደብረ ብርሃን ከተማ ፀሐይ በመሞቅ የሚበልጠኝ ሰው ካለ ወደፊት ይቅረብ። ልብስ በመስፋት የሚበልጠኝ የለም፤ እሱን ከተማው ያውቀዋል። ማንም ሳያስተምረኝ፣ አንድ አሮጌ ኮት ፈትቼ መልሼ በመስፋት ሙያውን የተማርኩ ሰው ነኝ። መልሼ ስሰፋው ከበፊቱ አማረ። በቀልድም የሚበልጠኝ የለም፤ ካለም እስካሁን አልሳቅኩለትም። ከሁሉም ከሁሉም ግን ፀሐይ መሞቅ ላይ እኔ ሌላ ነኝ።

ብርዳችንን የማያውቅ ሰው «ፀሐይ መሞቅ ደግሞ ምን ሙያ አለው?» ይል ይሆናል። ይሄን የሚል ሰው ኅዳር ሲገባ ይምጣና አንድ ቀን እኛ ዘንድ ይደር። ውርጩ ሣሩን እንደ ጨው አንጥቶት ሲነጋ፣ ባለባጃጁ መስታወቱ ላይ የጋገረውን በረዶ በመታወቂያው ሲፍቅ፣ የቧንቧው ውሃ አልወርድም ብሎ ሲያኮርፍ ይየውና ያኔ እንነጋገራለን።

ከሱቄ ፊት ለፊት ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞረ የድንጋይ ግንብ አለ። ጠዋት ፀሐይ ሰፈራችን ስትገባ መጀመሪያ ሰላም የምትለው እሱን ነው። እዚያ ግንብ ሥር መቀመጫ ማግኘት የቀበሌ ቤት ከማግኘት ይከብዳል። ከጥጉ ጡረተኛው ሻምበል ከነወታደር ካፖርቱ ይቀመጣል። ከሱ ቀጥሎ እኔ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ በጋቢው ላይ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሴን ጣል አድርጌ፣ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ አውርጄ። ከእኔ ቀጥሎ አንድ እህል ነጋዴ አለ፤ ወሬው ከእህሉ ይበዛል። ፀሐይዋ ከፍ ብላ መፋጀት ስትጀምር ሁሉም ተነሥቶ ወደ ጥላው፣ ወደ ሥራው ይበተናል። እኔ ግን እዚያም አላርፍም። ሱቄ በሙሉ ፊቱ መስታወት ስለሆነ ፀሐይዋ ተከትላኝ ትገባለች። ስሰፋ እሞቃለሁ፣ ስሞቅ እሰፋለሁ። ከዚህ በላይ ሙያ አምጡ እስቲ።

ነገሩ የመጣው አምና ነው። መጀመሪያ ጭኔን ከውስጥ፣ ከአጥንቱ፣ እንደ ጥርስ ሕመም ይነዘንዘኝ ጀመር። ከዚያ ዳሌዬን። ብርድ ነው ብዬ ናቅሁት። እያደር ግን የስፌት መኪናዬን መርገጥ አቃተኝ። የእኔ መኪና በእግር የምትረገጥ ናት። በመብራት የምትሠራውን ግዛ የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ መብራቱ ራሱ የሚሠራው መቼ እንደሆነ ግን አይነግሩኝም። እግሬ ቆመ ማለት ሥራዬ ቆመ ማለት ነው።

አሁን ቀጥዬ የምጽፈውን ነገር እስከ አምና ድረስ በዚህ ከተማ ከባለቤቴና ከሐኪም ቤት ሰዎች በቀር ማንም አያውቀውም ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለብኝ። ኪኒኔን ከዋጥኩ አልወድቅም፤ ካልዋጥኩ እወድቃለሁ። በቃ፣ ጠቅላላ ሳይንሱ ይኸው ነው። ባለቤቴን ካገባሁ ጀምሮ አንድም ቀን ወድቄ አላውቅም፤ እንኳን ጎረቤት እሷ ራሷ አይታኝ አታውቅም። የሚወድቅ ሰው መሆኑ የታወቀ ልብስ ሰፊ፣ ሱሪ ልለካ ብሎ ሲያጎነብስ አጠገቡ የሚቆምለት ደንበኛ ያገኛል ብላችሁ ነው? እና ቀልዱንም ጉራውንም አብዝቼ፣ ሰው እኔን ሲያይ ሌላ ነገር እንዳያይ አድርጌ ኖርኩ። አይቆጨኝም። ጉራው በራሱ ጥሩ ነበር።

የሆስፒታሉ ወጣት ዶክተር ደሜን አስመርምሮ ወረቀቱን እያየ፣ «ቫይታሚን ዲዎ በጣም ወርዷል» አለኝ። «ለረጅም ዓመት የሚወስዱት ኪኒን ቫይታሚኑን እየቀነሰው ይሄዳል። አጥንትዎን የሚያምዎት ለዚያ ነው። ኪኒኑን ግን እንዳያቆሙ። ለመሆኑ ፀሐይ ይሞቃሉ?»

ሳቄን ዋጥኩ። «ዶክተር» አልኩት፣ «ይሄን ጥያቄ ሰው ባለበት እንዳትደግመው። ይስቁብሃል። በዚህ አገር ፀሐይ መሞቅ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ቢከፈት ዲሬክተሩ እኔ ነኝ።»

ግራ ገባው። ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ። ቀጥሎ የሚገባው በሽተኛ በሩን በክርኑ እየገፋ ነበር። ያዘዘልኝ የቫይታሚን መድኃኒት የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ውስጥ አልነበረም፣ ከተማውም ውስጥ አልነበረም። «ይመጣል» አሉኝ፤ ሁሉም መድኃኒት ቤት አንድ ዓይነት ድምፅ አውጥቶ። ዶክተሩም «እስኪመጣ ድረስ ፀሐይ ይሙቁ» ብሎ ሸኘኝ።

ሞቅሁ። ከማንም ቀድሜ ግንቡ ሥር እደርሳለሁ፣ ሻምበልን እንኳን ቀደምኩት። ሁለተኛ ጋቢ ጨመርኩ፣ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ብዬ። እግሬ ግን ባሰበት። ፀሐይዋ ላይ ጥርጣሬ ገባኝ፤ እንደ ዘመኑ ዘይት ውሃ ቀላቅለውባት እንደሆነ እንጃ።

ባለቤቴ የአንኮበር ልጅ ናት። የአንኮበር ሰው ጭጋግ ውስጥ ተወልዶ ጭጋግ ውስጥ ስለሚያድግ፣ ፀሐይ ሲባል እንደ ውጭ አገር ዕቃ ነው የሚያየው። በዚህ ነገር ስቀልድባት ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ፀጉሯን ተሠርታ መጣችና ሻሽዋን ሳትፈታ ቆማ፣

«ስማማ፣ አንድ አልጋ መጥቷል» አለችኝ።

«አልጋማ አለን።»

«የመኝታ አይደለም። የፀሐይ ነው።»

«ፀሐይ ከመቼ ወዲህ ነው አልጋ ላይ መተኛት የጀመረችው?»

«አንተ ነህ የምትተኛው! ተው ስናገር አታሹፍ። ከላይም ከታችም መብራት አለው። ገብተህ ትተኛለህ፣ ክዳኑ ይዘጋል፣ ቫይታሚን ዲውን ሞልቶ ያወጣሃል። ፀጉር ቤቷ ሴትዮ ናት ከውጭ ያስመጣችው።»

«ለመሆኑ ይሄ ነገር ሰው ነው የሚያወጣ ወይስ ዳቦ?»

አልሳቀችም። ቀልዴ ላይ የማትስቅበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ያኔ ነው ነገሩ ከባድ መሆኑ የገባኝ። ተቀመጠች፣ ሻሽዋን ፈታች፣ አጠፈች፣ ያጠፈችውን መልሳ ፈታች።

«ብቻ» አለች፣ «መብራቱን በሚወስዱበት ጊዜ ሌላ መድኃኒት አይወሰድም አለች። አይስማሙም አለች።»

«ኪኒኔን አቁም ነው የምትይኝ?»

«ለጥቂት ጊዜ። እግርህን እያየሁት እኮ ነው። ከወንበር ስትነሣ ጠረጴዛ ይዘህ ነው። ኪኒኑ ነው የበላህ፤ ዶክተሩ ራሱ ነግሮህ የለም? ደግሞስ ካገባሁህ ጀምሮ ወድቀህ ታውቃለህ? አንድ ቀን? ምናልባት ለቆህ ሄዷል። ማን ያውቃል?»

«ብወድቅስ?»

«እኔ አለሁ አይደል?»

እውነቱን ለመናገር «ምናልባት ለቆህ ሄዷል» የምትለዋን ነገር እኔም ኪኒኑን በዋጥኩ ቁጥር አስባት ነበር። ሰው ሳይወድቅ ሲቆይ የሚጥለው ነገር ወሬ ብቻ ይመስለዋል። ባለቤቴ ሞኝ ሆና አይደለም፤ የምታየው እግሬን ነው፣ ኪኒኑ የሚከለክለውን ነገር ደግሞ ኪኒኑ ራሱ አላሳያትም። እግር የሌለው ልብስ ሰፊ ከመሆን፣ የሚወድቅ ልብስ ሰፊ መሆን ይሻላል ወይ? ምርጫዬ እዚህ ላይ ደርሶ ነበር።

«እሺ፣ አልጋዋን ልያት» አልኩ። «ማየት ኪኒን አያስቆምም።»

ፀጉር ቤቱ በር ላይ ሰሌዳ ተለጥፏል። «የፀሐይ ብርሃን ያለ ፀሐይ! ለአጥንት፣ ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለጨጓራ፣ ለጭንቀት፣ ለፀጉር መሳሳት» ይላል። ለአማት አለመባሉ ብቻ ነው የገረመኝ። ውጭ ላይ፣ ሰሌዳው ፊት፣ የስድስት ሰዓት ፀሐይ አስፋልቱን ታነድደዋለች፤ የሚያያት ሰው የለም። ውስጥ ደግሞ ለመብራት ወረፋ። የእኛን አገር ሰው ታውቁት የለ፣ በነጻ የተሰጠውን ይንቃል። ነገ አንዱ መጥቶ ነፋስ በከረጢት ቢሸጥለት፣ ነፋስ የሚጠግነው ሳንባ የለኝም አይልም፤ ለሁለት አድርግልኝ ይላል።

የፀጉር ቤቱ ባለቤት ሴትዮ ፀጉሯ ሦስት ዓይነት ቀለም ነው፣ አንደበቷ ግን አንድ ዓይነት ማር።

«ጋሼ እንኳን ደህና መጡ! ከመጋረጃው ጀርባ ይግቡና ልብስዎን ያወልቁ።»

«ሁሉንም?»

«የውስጥ ሱሪ ይቀራል።»

«እሱ ጀግና ነው፣ ብቻውንም ይቀራል። ለመሆኑ እመቤቴ፣ ይሄ አልጋ አገሩ ላይ ለምንድን ነው የሚያገለግለው?»

«ፈረንጆቹ ቆዳቸው ጠየም እንዲል ይተኙበታል።»

«እኔ ጠይሜ ጨርሼ ነው የመጣሁት። እኔን ምን ሊያደርገኝ ነው?»

«እርስዎን ያጠነክርዎታል» አለች፣ ዐይኗን እንኳን ሳትሰብር።

ገባሁ። መጋረጃውን ሳየው ግማሹን ጉዳይ ጨረስኩት፤ ስፌቱ ዘሟል፣ ጠርዙ አልተቀመቀመም። መጋረጃ የማታሰፋ ሴት አጥንት ልትሰፋልኝ ነው። አልጋዋ የፕላስቲክ ሣጥን ናት፣ ቡትቶ የለበሰ ሬሳ ሣጥን በሉት። መኝታው ተሰነጣጥቆ በፕላስተር ተለጥፏል። ፈረንጅ አገር ስንት ገላ ሲያገላብጥ ኖሮ፣ ሲያረጅ ወደ እኛ የተላከ ነገር መሆኑ ያስታውቃል። አሮጌ ልብስ ሲላክልን በእንክብካቤ አጥበን፣ ፈትተን፣ አሳምረን ለበስን፤ አሁን ደግሞ አሮጌ ፀሐይ ላኩልን።

ልብሴን አውልቄ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ቆሜ ሳለሁ ማብሪያውን ከውጭ ተጫነችው። ወይ መብራት! ወፍጮ ቤቱ ሥራ ላይ ነው መሰለኝ ኃይሉ ወርዷል። አምፖሎቹ አንዱ በራ፣ አንዱ ጠፋ፣ ሁሉም ባንዴ ተርገበገቡ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ። እኔ እንደዚህ ያለ የሚርገበገብ መብራት አትይ ከተባልኩ ቆይቻለሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩና ዐይኔን በመዳፌ ያዝኩ።

ይሄኔ ነው ሴትዮዋ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

«ጋሼ! ባለቤትዎ ነግራኛለች፣ አይጨነቁ! ያንን የሚጥል በሽታ ኪኒን ግን ከዛሬ ጀምሮ ያቆሙታል!» ያለችው።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሥር የገቡ ሴቶች ተደርድረዋል። ካስክ ጭንቅላትሽ ላይ እየጮኸ ሰው የሚለው አይሰማሽም። ስለዚህ አንዷ ጮኻ፣ «ምን ያቁም አለች?» ብላ ጠየቀች። ሁለተኛዋ ከሷ አብልጣ ጮኻ፣ «ኪኒን! የሚጥል በሽታ አለበት!» ብላ መለሰች። ከዚያ ጥግ ያለችው ሦስተኛዋ፣ «ማን? ልብስ ሰፊው? ያ ጉረኛው?» አለች። በሕይወቴ የደበቅሁት ነገር በሦስት ሴት ቅብብሎሽ ሰፈሩን አዳረሰ፤ እኔ በውስጥ ሱሪ ቆሜ።

ለበስኩ። ሸሚዜን ቆልፌ፣ ጋቢዬን አስተካክዬ ወጣሁ። ሴቶቹ እግራቸውን ሰበሰቡ። አንዷ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች፣ ትንፋሼ እንዳይጋባባት መሆኑ ነው። ድሮ ሠርግ ልብስ የሰፋሁላት ሴት ናት፤ ወገብ ሳይኖራት መጥታ፣ ወገብ የሠራሁላት እኔ ነኝ።

«እመቤቴ» አልኩ ለባለአልጋዋ፣ «የፀሐይ አልጋሽ በጣም ጥሩ ነው። ሳልተኛበት ላበኝ።»

ከዚያ በሩን አልፌ፣ ግድግዳ ሳልይዝ ሄድኩ። እግሬ እሳት ነበር። ግን ግድግዳ አልያዝኩም።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷት፣ በር ላይ ቆማለች። «ለብቻዋ እኮ ነው የነገርኳት» አለች።

«ፀጉር ቤት ውስጥ ለብቻዋ የሚባል ነገር የለም።»

«እግርህ አስጨንቆኝ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እና ምን ይሻላል? ኪኒኑን...»

«ሐኪም ቤት ቀጠሮዬ ሲደርስ አብረን እንሄዳለን። እስከዚያ እውጣለሁ።» በዚያ ሰሞን እኛ ቤት ውስጥ ቀልድ አልነበረም፤ ራሴን ሳየው ሌላ ሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ።

በነጋው ግንቡ ሥር ስሄድ የእህል ነጋዴው ቦታ ባዶ ነው። የት ሄደ ብዬ ሳይ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ፀሐይ ያልደረሰችበት ግድግዳ ሥር ተቀምጦ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ከእኔ ይልቅ ውርጩን መረጠ። ይምረጥ። እሱ ስንዴ ውስጥ አፈር ሲቀላቅል ያልተጋባበት በሽታ ከእኔ ጋቢ ይጋባብኛል ብሎ ነው። ሻምበል አጠገቤ ነበር፤ ግን የተኛ መስሎ ነው። ሻምበል ተኝቶ አያውቅም፤ ዐይኑን ጨፍኖ የሰውን ወሬ ነው የሚቆጥረው።

ቀጠሮዬ ደረሰና ከባለቤቴ ጋር የክትትል ክፍል ገባን። እዚያ ያለችው ሲስተር በዕድሜ ጠና ያለች፣ ድምፅዋ ሻካራ ናት። ለበሽተኛ አታዝንም፤ ትሳደባለች፣ ግን ታድናለች። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት፤ ዶክተሩን፣ እግሬን፣ አልጋዋን።

«ፀሐይ ሙቅ ተብለህ ሞቅህ?» አለችኝ።

«ሲስተር፣ በዚህ ከተማ...»

«ጉራህን ተወኝ። እንዴት እንደምትሞቅ አሳየኝ።»

«እንዲሁ ነዋ፣ እንዳየሽኝ።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ኮፍያ፣ የአንገት ፎጣ፣ ሁለት ጋቢ፣ ካልሲ በካልሲ ላይ።

«ከነዚህ ሁሉ ጋር?»

«እና ራቁቴን ልሙቅ? ብርድ እኮ ነው!»

ሲስተር ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደግፋ እስክታነባ ሳቀች። «እሰይ!» አለች። «ጋቢህ ቫይታሚን ጠግቧል። የጋቢህ አጥንት እንደ ብረት ነው። አንተ ግን ያገኘኸው በአፍንጫህ ብቻ ነው!» ከዚያ እየተቆጣች አስረዳችን። ፀሐይዋ ቆዳን ካልነካች ሙቀት እንጂ ቫይታሚን አትሰጥም። በመስታወት በኩል የምትመጣዋም እንደዚያው። የጠዋቷ ፀሐይ ደካማ ናት፤ እኛ ምች ይመታናል ብለን ጥላ የምንሸሽባት የቀትሯ ናት ሥራ የምትሠራው። እንደኛ ጠይም ለሆነ ደግሞ ጥቂት በዛ ማለት አለበት፤ ቆዳ እስኪለበለብ ግን አይደለም። አልጋዋን በተመለከተ፣ «ያ መብራት ቆዳህን ቢጠብሰው እንጂ መድኃኒትህን አይተካም። የሚርገበገብ መብራት ውስጥ አንተን ማስተኛት ደግሞ ሰውን ገደል ጫፍ ላይ እንደማስተኛት ነው» አለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። የደብረ ብርሃን ሕዝብ በሙሉ፣ ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ፣ ተከናንቦ ነው ፀሐይ የሚሞቀው። ተሳስተናል። ግን አንድ ሕዝብ የተሳሳተውን ስሕተት እንኳን ከእኔ አሳምሮ የተሳሳተ የለም።

ሲስተር ወደ ባለቤቴ ዞረች። «አንቺ እቱ፣ ኪኒኑን ይተው ያልሺው አንቺ ነሽ?»

«ወድቆ አይቼው ስለማላውቅ... ለቆት የሄደ መስሎኝ...» አለች ባለቤቴ፣ አንገቷን ደፍታ።

«ቤትሽ ያፈሳል?»

«አያፈስም።»

«አያፈስም ብለሽ ቆርቆሮውን ትነቅይዋለሽ?»

ባለቤቴ በጣም ቀስ ብላ፣ «አልነቅልም» አለች።

«እንግዲያው ይዋጥ። ቫይታሚኑም ሲመጣ እኔው አስጠራሃለሁ። እስከዚያ ቀትር ላይ ክንድህንም እግርህንም ገልጠህ ተቀመጥ።»

«እግሬንም?»

«እግርህ ወርቅ ነው እንዴ?»

ወርቅ አይደለም። ልጅ ሳለሁ ስወድቅ እሳት ላይ ነበር የወደቅሁት፤ ግራ እግሬ ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጉልበቱ የእሳት ጠባሳ ነው። በእኛ አገር እግሩ ላይ እንደዚያ ያለ ጠባሳ ያለበትን ሰው ማንም ምን ሆነህ ነው ብሎ አይጠይቀውም። ያውቀዋል። ባለቤቴ አየችኝ። እኔ ካልሲዬን አየሁ።

ማግሥቱን፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ሱቄን ዘጋሁና ወደ ግንቡ ተሻገርኩ። በዚያ ሰዓት ግንቡ ሥር ዝንብ እንኳን የለም፤ ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሄዷል። ጋቢዬን አጥፌ ተቀመጥኩበት። ሸሚዜን ጠቀለልኩ። ትንሽ ቆየሁና ሱሪዬንም እስከ ጉልበቴ ጠቀለልኩት። ነጭ ቀን ላይ፣ አደባባይ ላይ፣ እግሬን ዘርግቼ።

«ኧረ ሰውዬ፣ ምች!» አለችኝ ድንች የምትሸጥ ሴት ከጥላዋ ሥር። ባጃጅ ቀስ ብሎ አለፈኝ፣ ከውስጡ አራት አንገት ወጣ። የእህል ነጋዴው መደብሩ በር ላይ ቆሞ አፉን ከፍቷል። «ዝጋው፣ ፀሐይ ይገባበታል» አልኩት። እኔም ቀልዴ ተመልሶ ስለመጣ ደስ አለኝ።

ሻምበል ካፖርቱን እንደ ለበሰ እየተጎተተ መጣ። ከፊቴ ቆሞ እግሬን ተመለከተ።

«ይሄ የእሳት ነው?»

«የእሳት ነው።»

«ወድቀህ?»

«ወድቄ።»

የዘወትር ቦታው ላይ፣ ከእኔ አጠገብ፣ እየቃተተ ተቀመጠ። «እና አሁን እዚህ ብትወድቅብኝ ምንድን ነው የማደርገው?» አለኝ። «ለመሬት ውጊያ ነው የሠለጠንኩት።»

እሱን ልመልስለት ስል ባለቤቴ ከቤት ወጥታ መንገዱን ስታቋርጥ አየሁ። በአንድ እጇ ውሃ በብርጭቆ፣ በሌላው መዳፏ ላይ የቀትር ኪኒኔ። አልሸፈነችውም። ድንች ሻጯ እያየች፣ ነጋዴው እያየ፣ ሰጠችኝ። እኔም እያዩ ዋጥኩት። ብርጭቆውን ተቀብላኝ እንደ መሄድ ብላ አልሄደችም።

«እኔም አላውቀውም እኮ» አለች። «ሻምበል የጠየቁትን። ብትወድቅ ምን እንደማደርግ ነግረኸኝ አታውቅም።»

እውነቷን ነው። አለሁልህ ብላኝ ነበር፤ መኖሯን እንጂ ሥራውን አላስተማርኳትም። ማስተማር ደግሞ እኔ አውቅበታለሁ። ከግንቡ ሥር ተነሥቼ መሬቱ ላይ በጎኔ ተጋደምኩ።

«ልብ በሉ» አልኩ። «በጎኔ ነው የምታስተኙኝ፣ እንዲህ። ከጭንቅላቴ ሥር ለስላሳ ነገር፤ የሻምበል ካፖርት ይሆናል፣ ዛሬ ሥራ ያገኛል። አትያዙኝ፣ አትጫኑኝ። አፌ ውስጥ ምንም ነገር አታስገቡ፤ ጥርሴን እፈልገዋለሁ። አጠገቤ ቁጭ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ፣ በቃ። መንቀጥቀጤ ቶሎ ካልቆመ ወይ ሳልነቃ ከደገመኝ ሐኪም ቤት።» ባለቤቴ ተንበርክካ ጭንቅላቴን ያዘች። እኔ ዐይኔን ጨፈንኩ፤ ትምህርት በደንብ የሚገባው በደንብ ሲታይ ነው።

ይሄኔ ከመንገዱ ማዶ ጩኸት ተሰማ። «ወደቀ! ወደቀ! ክብሪት! ክብሪት አምጡ፣ ጭሱን አሽትቱት!» የእህል ነጋዴው ነው። ነጠላ ጫማውን ጥሎ፣ ክብሪቱን እየጫረ፣ ግማሽ መንገድ ድረስ ሮጦ መጣና ቆመ። ከዚያ በላይ መቅረብ አልደፈረም። ክብሪቱ ጣቱን እስኪያቃጥለው ያዘው።

አንድ ዐይኔን ገለጥኩ። «ተወው ወንድሜ፣ ሲጋራ አላጨስም።»

ሻምበል ካፖርቱን አውልቆ ቆሟል፣ በሕይወቴ ያለ ካፖርት አይቼው አላውቅም፤ ውስጡ ያለው ሰውዬ ግማሽ ነው። እጁን ወደ ነጋዴው ዘርግቶ፣ «ክብሪት አያስፈልግም!» ብሎ ጮኸ፣ ድሮ ሠራዊት ሲያዝዝ እንደ ነበረው። «በጎኑ ነው የሚተኛው! አፉ ውስጥ ምንም አይገባም! ወይ ቅረብና ተማር፣ ወይ ፀሐዩን ልቀቅ!» አሁን ከእኔ የሰማውን፣ ገና ሳይበርድ፣ የራሱ አደረገው።

ነጋዴው አልቀረበም። ጫማውን ለቅሞ ወደ መደብሩ ተመለሰ፤ እስከ ዛሬም ማዶ ነው የሚቀመጠው፣ ይቀመጥ። እኔ ልነሣ ስል ባለቤቴ ትከሻዬን ይዛ መለሰችኝ።

«ቆይ፣ አትነሣ» አለች። «ጭንቅላትህን የያዝኩት ልክ አልነበረም። እንደገና እንሞክረው።»